ማህተሙ ብቻ ስለሚነበበው የጋብቻ ማስረጃ

ይድረስ ለተከበሩ የወረዳችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮችዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከሀፍረቴ በቀር ደህና ነኝ። ሀፍረቱንም ያገኘሁት ከጽሕፈት ቤትዎ ሲሆን፣ ያለ ወረፋ የተሰጠኝ ብቸኛ አገልግሎት በመሆኑ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሳሊተ ምሕረት ጎረቤቴ ወይዘሮ አለም ባለቤታቸውን አቶ ገብረአምላክን በቅርቡ ቀበሩ። ቤቱን በስማቸው ለማዞር የጋብቻ ማስረጃ ተጠየቁ። እርሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር ካሳዬ እያለ ምን ያስጨንቃል?» ብሎ እኔን አስከትሎ ላካቸው። ሰፈሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ኮምፒውተሮቹ። የጋብቻ መዝገቡ ያለው በታችኛው ክፍል፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ በሚሠራው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ በላይኛው ክፍል፣ በእርዳታ ከተገኘውና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። በሁለቱ መካከል ገመድ መዘርጋቱን አይቻለሁ፤ የተመረቀበት ሪባን እንኳ እስካሁን ተንጠልጥሎበታል። ሆኖም አንዱ ሌላውን አያየውም። ሁለቱን የሚያግባባ ሳምባ የሚባል ነጻ ፕሮግራም መኖሩን፣ እሱን ሊኑክሱ ላይ ጭኖ አንድ የጋራ ፎልደር መክፈት እንደሚበቃ ገልጬ፣ እኔው ልሥራው ብዬ ብለምን፣ ይህ የአይቲ ባለሙያው ሥራ ነው፣ እሱ ደግሞ መስክ ወጥቷል ተባልኩ። ገመዱ ሲመረቅም መስክ ላይ የነበረ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍላሹ። ኮምፒውተሮቹ ስለማይተያዩ ፋይሉን ከታች ወደ ላይ የሚያጓጉዘው ባለጉዳዩ ነው። በታችኛው ክፍል በር ላይ «ፍላሽ ያልያዘ አይስተናገድም» የሚል ተለጥፏል፤ በግቢው በር ላይ ደግሞ «ፍላሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል። በሁለቱም ላይ ያረፈው የእርስዎ ፊርማ ነውና ስለ ፍትሐዊነትዎ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ አለም ፍላሹን በሐዘን ነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በጥበቃዎቹ ፊት አለፉ። እንዲህ ያድርጉ ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ሐዘንተኛ እናት እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ፣ እኔ ከረባቴን እያስተካከልኩ ከኋላ ተከተልኩ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። መዝገቡ የተተየበው የታችኛው ኮምፒውተር ብቻ በሚያውቀው የድሮ የአማርኛ ፊደል፣ ፎንት በሚሉት ነው። ስለዚህ ላይኛው ክፍል ሲደርስ የወጣው ወረቀት የላቲን ፊደል፣ ኮከብ፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት የተደባለቀበት፣ በየትኛውም አገር ቋንቋ ያልሆነ ጽሑፍ ነበር። ፊደሉም ራሱ ፋይል ስለሆነ በዚያው ፍላሽ ተቀድቶ ሊጫን እንደሚችል ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ማህተሙ ቀድሞኝ አረፈ።

«ይህ እኮ አይነበብም!» ብል፣ ወጣቱ ሠራተኛዎ አብኔዘር በፍጹም ትህትና «ጋሼ፣ ማህተም አለው እኮ። ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አለኝ። ልክ ነው፤ ማህተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ወይዘሮ አለም ማህተሙን ሳሙት። ከዚያም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው «ካሳዬ ልጄ፣ የገብረአምላክ ስም የቱ ጋ ነው? እስኪ አሳየኝ» አሉኝ። እኔ፣ የተማረ ተብዬ የተላክሁት ሰው፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞርኩ፤ መነጽሬን ወለወልኩ፤ በመጨረሻም ከታች በኩል አንዱ መስመር ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። እርሳቸውም የእኔ ጣት ከተነሣበት ላይ የራሳቸውን አኖሩና «አይ ገብሬ! ስምህ ይህን ያህል ይረዝም ኖሯል?» አሉ።

ሰኞ የቤት ስም ከሚዞርበት፣ ጉርድ ሾላ ካለው ቢሮ ይዘውት ይቀርባሉ። እኔ እስካሁን እውነቱን አልነገርኳቸውም። አይነበብም ተብለው ቢመለሱ የሚያፍሩት እርሳቸው ናቸው። ማህተሙ ታይቶ ቢቀበሏቸው ደግሞ፣ ቤቱ ስሙ በማይታወቅ ሰው ሚስትነት ይዞርላቸዋል። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያሳፍር መወሰን አቅቶኛል። ስለዚህ ማስረጃው ከሰኞ በፊት በሚነበብ ፊደል እንደገና እንዲታተም፣ ይህ ከባድ ከሆነም ኮምፒውተሮቹን እንድነካ ብቻ እንዲፈቀድልኝ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በሚነበበውም በማይነበበውም ፊደል አክባሪዎ፣
ማህተም ባየሁበት ሁሉ እጅ መንሣት የለመድኩት፣
ኢንጂነር ካሳዬ ተስፉ
ከሳሊተ ምሕረት

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ አለም ወረቀቱን ከአቶ ገብረአምላክ ፎቶግራፍ ሥር አስቀምጠው፣ ለቅሶ ለሚደርሰው ሁሉ ያንን መስመር በጣታቸው ያሳያሉ። ትናንት እኔም ጠጋ ብዬ ሳጤነው፣ መስመሩ ከፊርማው በላይ የሚገኘው፣ የኃላፊው ስምና ማዕረግ የሚጻፍበት ሆኖ አገኘሁት። መርዘሙም ለዚሁ ነበር። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እስከ ሰኞ ድረስ በሰፈራችን ሰው ሁሉ ፊት የወይዘሮ አለም ሟች ባል እርስዎ ነዎት፤ ነፍስዎን ይማር።