የሚያንጎራጉረው ወንበር

እማዬ፣ የቤታችን ምሰሶ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ይሆን የሚያገኝሽ? ጉልበትሽስ? ያ በብርድ የሚነሳብሽ ቁርጥማት ፋታ ሰጠሽ ወይስ ዛሬም ከአልጋ ስትወርጂ ግድግዳ ያስይዝሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው? የምታነብልሽ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ፤ እየዘለለች ካነበበችብሽ "ተመለሺ፣ ከመጀመሪያው" በያት። ንቦችሽስ እንዴት ከረሙ? እኔን በተመለከተ ሐሳብ አይግባሽ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። የናፍቆቱን ነገር ግን ባልጀምረው ይሻላል፤ ከጀመርኩት ወረቀቱም አይበቃኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ሰሞኑን ያየሁት ነገር ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው "ጉድ ነው" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ካንቺ በቀር ከልቡ የሚገባው ሰው አጣሁ።

እንደምታውቂው የእኛ ሥራ የመኪና ወንበር ማደስ ነው። ጨርቁ የነተበ፣ ስፖንጁ የረገፈ፣ የሽቦ ሞላው ወጥቶ ተሳፋሪ የሚወጋ ወንበር ይመጣልናል፤ ፈትተን፣ አጥበን፣ ሞልተን፣ አዲስ ልብስ አልብሰን እንመልሳለን። አለቃችን ሲቆጣ እንኳ ማንንም ስለማያሳምም "ጋሽ ስፖንጅ" እንለዋለን። ባለፈው ጊዜ አንዲት ሴት መጣችና የአባቷ አሮጌ አውቶቡስ ሊሸጥ እንደሆነ፣ ገዢው ግን "መጀመሪያ ወንበሮቹ ይታደሱ" ማለቱን ነገረችን። አውቶቡሱ ጓሯቸው ውስጥ አጥር ሥር ከቆመ ስለቆየ ባትሪው ሞቷል። ስለዚህ ጋሽ ስፖንጅ መፍቻ አስይዞ እኔን ወደ ቤታቸው ላከኝ።

ስደርስ ሐረግ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። ሾፌሩ፣ ማለት የሴትዮዋ አባት፣ ቀኝ እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ አውቶቡስ ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ደም ግፊት ጥሏቸው ግራ እጃቸው ዛለ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ የማይሄድ መኪናቸው ላይ ይቀመጣሉ አሉ።

እኔ ከኋላ ጀምሬ መፍታት ያዝኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጨርቅ በፀሐይ ነጥቷል፤ በመተላለፊያው በኩል ያለው መያዣ በእጅ ብዛት እንደ ቀንድ ለስልሷል። ስንቱ ሰው ይዞት ቆሟል እያልኩ እያንዳንዱን አውጥቼ ሣሩ ላይ ደረደርኩ። በመጨረሻ ወደ ሾፌሩ ወንበር ደረስኩ፤ ሰውየው ግን አልተነሱም።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ይህን ስትፈቺ ተጠንቀቂ። ያንጎራጉራል" አሉኝ።

"ምኑ አባቴ?" አልኳቸው።

"ወንበሩ ነዋ። ጀርባዬን ሳስደግፈው ያዜምልኛል።"

ሴት ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ነበርና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ "እህቴ፣ ዝም ብለሽ እሺ በያቸው። ከታመሙ ወዲህ የመጣ ነገር ነው። መኪናውን ለመሸጥ የተጣደፍነውም ለዚሁ ነው፤ ከወንበር ጋር ሲያወሩ ጎረቤት እየሰማ አፈርን" አለችኝ። በሹክሹክታ ነበር ያለችው፤ ሰውየው ግን ሰምተዋል። መስማታቸውን ያወቅሁት መሪውን ስለለቀቁት ነው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዱብ አለች።

አንጀቴን በሉት እማዬ። ሽማግሌ አይናቅም ብዬ፣ ደስ እንዲላቸው ብቻ፣ ተንበርክኬ ጆሮዬን ከወንበሩ ጀርባ ላይ ለጠፍኩ።

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ! ብዙ ሕዝብ አፉን ዘግቶ በአንድ ትንፋሽ "እምምም" እንደሚል ያለ ድምፅ። መዳፌን ሳሳርፍበት ደግሞ እንደ ሕፃን ግንባር ይሞቃል። ካንቺ ቀፎዎች ሥር ያደገች ልጅ ይህን ድምፅ ትስተዋለች?

"አባቴ፣ ልክ ነዎት። ወንበርዎ ውስጥ ንብ ገብቷል" አልኳቸው።

ደንግጠው የሚነሱ መስሎኝ ነበር፤ ንቅንቅ አላሉም። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "አንቺም ትሰሚያለሽ?" አሉኝ።

"እሰማለሁ።"

"እስቲ እውነት በይኝ።"

"እውነት!"

ልጃቸውን ጠሯት። መጀመሪያ ፈገግ ብላ መጣች፣ ለይስሙላ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። "አባባ…" አለች። እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። እሳቸው ግን ይስቃሉ! በደህና እጃቸው ራሷን እየዳበሱ፣ "አልዞረብኝም! አየሽ? ጭንቅላቴ ደህና ነው!" ይላሉ። እኔ መፍቻዬን ይዤ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውቶቡሱን ወለል ዝገት በልቶ ቀዳዳ ከፍቶበታል። ንቦቹ ከመኪናው ሆድ ሥር በዚያ እየገቡ፣ በወንበሩ የኋላ ቆርቆሮና በሞላው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቤት አድርገውታል። ሰው በላይ በበሩ ሲገባ እነሱ በታች ይገባሉ፤ ማን ያያቸዋል?

ለጋሽ ስፖንጅ ደወልኩለት። "መድኃኒት እንርጭባቸዋ" አለ። ሾፌሩ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉና፣ "ስማ ወንድሜ፣ ከእኔ ተሳፋሪ አንድም በመድኃኒት የሚሞት የለም" ብለው መለሱልኝ። እኔም እናቴ እንዳሳየችኝ አደርጋለሁ አልኩ። አፌ ይህን ይበል እንጂ አንቺ አጠገቤ ሳትኖሪ ቀፎ ነክቼ አላውቅም። ጋሽ ስፖንጅ የእንጨት ሣጥን ይዞልን መጣ፤ አወረደው፣ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባ፣ መስኮቱን ዘጋና ከመስታወት ወዲያ በእጁ ምልክት ይሰጠኝ ጀመር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ራሴን በስስ ሻሽ ተሸፋፍኜ ጀመርኩ። ሾፌሩ የሚጨስ አሮጌ ጨርቅ ያዙልኝ። ብሎኖቹን ፈትቼ የኋላውን ቆርቆሮ በቀስታ አነሳሁት።

ምን ብዬ ልንገርሽ? በየሞላው መካከል የማር እንጀራ ከላይ እስከ ታች ተንዠርግጓል፤ ከላይ ወርቅ መስሎ፣ ወደ ታች እየነጣ። ሞላው በታጠፈበት ይታጠፋል፣ ጎድጎድ ባለበት ጎድጎድ ይላል። ሰውየው ዘመናቸውን ሙሉ ተደግፈው ወንበሩን ያጎበጡበት ቦታ ላይ እንጀራውም እንደዚያው ጎብጧል። የእሳቸውን ጀርባ በሰም ተሠርቶ አየሁት! ይህን ያህል ጊዜ ስፖንጅ ስቀርጽ እንዲህ አድርጌ የሰው ጀርባ ልኬ አላውቅም። መለኪያ የላቸው፣ መቀስ የላቸው፣ ያውም በጨለማ! እጄ መሥራት አቁሞ ቀረ። ሴት ልጃቸው ከሩቅ ሆና እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ሾፌሩ ጠጋ ብለው አዩት። "እንጀራዬ ይህ ወንበር ላይ ነው እያልኩ ስኖር፣ ለካ እውነቴን ኖሯል!" አሉ።

እንጀራውን እየቆረጥኩ፣ እጭ ያለበትን በጥንቃቄ ከሣጥኑ ጣውላ ጋር አሰርኩት። በምን ብትዪ፣ በእኛው በወንበር መስፊያ ወፍራም ክር። አውራዋን ንብ ያገኟት ሾፌሩ ናቸው። "ያቺ ረጅሟ፣ ሌሎቹ መንገድ የሚለቁላት" አሉ፤ መንገድ የለመደ ዓይን አይደል? እሷን ሣጥኑ ውስጥ አግብቼ ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ ጥቂቶቹ በሣጥኑ አፍ ላይ ቆመው፣ ጭራቸውን ሰቅለው ሌሎቹን ለመጥራት ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር። ሌላው እንደ ውኃ እየፈሰሰ ገባ። ግፊያ የለ፣ መረጋገጥ የለ። ሁላችንም ጠጋ ብለን አየን። ጋሽ ስፖንጅ እንኳ መስኮቱን በትንሹ ዝቅ አድርጎ ነበር። አንዷ ከንፈሬን ነድፋኝ ሰሞኑን ጡሩንባ ነፊ መስዬ ሰንብቻለሁ፤ አልከፋኝም።

ሣጥኑ አሁን እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው፤ ጠባቂው ሾፌሩ ናቸው። አበባ ሲጠፋ ምን ላብላቸው ብለው ጠይቀውኛልና መልሱን ላኪልኝ።

በማግስቱ ሴት ልጃቸው፣ "አባባ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅንዎትም። መኪናው ይሸጥ ወይስ ይቅር?" አለቻቸው። "ይሸጥ እንጂ" አሉ። "በአንድ እጅ ሰው እንደማይጫን አጥቼው ነው? እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። በቁሜ የማልታመን ሰው እንዳልሆን ነው።" ልጅቷ እጃቸውን ሳመች።

ወንበሮቹን ሁሉ አዲስ አለበስናቸው። የሾፌሩን እኔው ራሴ ሞላሁት፤ ስፖንጁን ስቆርጥ ያን እንጀራ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ነው። ወለሉም ተበየደ፣ ባትሪውም ተቀየረ። በርክክቡ ዕለት ገዢው፣ ገና ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሞተሩን አስነሳ። ሾፌሩ ወደ ፊት ሄደው ይሰናበታሉ ስንል በተሳፋሪው በር ገቡ። ወንበሮቹን በመዳፋቸው እየነኩ እስከ ኋላ ዘለቁና መስኮት ሥር ተቀመጡ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አስቀምጫለሁ፤ ከኋላ ተቀምጬ ግን አላውቅም" አሉ። ገዢውም በሩን ዘጋና ሰፈሩን ሊያዞረን ተነሳ።

እኔና ልጃቸው ከፊታቸው ተቀምጠን ዞር እያልን እናያቸዋለን። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈዋል። ሱቁን፣ ግንቡን፣ የተሰጣውን ልብስ፣ ሰዉን ሁሉ አዲስ አገር እንደገባ ሰው ያያሉ። "ለካ መንገድ ከጎን ሲያዩት እንዲህ ነው?" አሉ፤ ለማንም አይደለም።

ቤታቸው ደጃፍ ስንቃረብ ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሌሎች ሲሏቸው የኖሩትን ጮክ ብለው፣ "ወራጅ አለ!" አሉ። እማዬ፣ አዲሱ ሾፌር ፍሬኑን የያዘው የተኛ ሕፃን ያቀፈ ሰው ሕፃኑን አልጋ ላይ በሚያሳርፍበት አኳኋን ነው።

በይ እንግዲህ፣ ለአንባቢሽ ለእህቴ ጉንጯን ስሚልኝ። ለአጎቴ፣ ወገባቸው ቀና ይበል በይልኝ። ለወንድሜና ለሚስቱ፣ እርግዝናው በሰላም ያልቅ ዘንድ ምኞቴን ንገሪያቸው። ለትንሿ ወሬኛችን፣ የላከችልኝ ሥዕል ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። ለታች ቤት ጎረቤታችንም "አልረሳሁዎትም" በይልኝ። ያንቺን ጉልበት ግን እኔው ራሴ መጥቼ እስማለሁ።

ልጅሽ፣
ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ።