የክረምቱ ሰላምታ በአንድ እሑድ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ሌሊቱን ዘንቦ ማለዳ አባራ። ጣሪያው ዛሬም ከመጻሕፍት መደርደሪያው አጠገብ ያንጠባጥባል። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችው ባለቤቴ ወለተሰንበት ባልዲውን አዛወረችና፣ «መጻሕፍትህ ከሚረጥቡ እኔ ብረጥብ ይሻልሃል» አለችኝ። መደርደሪያውን ወደ ደረቁ ግድግዳ ገፋሁት።

ረፋዱ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሙለታ ካርቶን ታቅፎ ከበራፌ ቆመ። ደነገጥኩ። በዚህ ዘመን ሊቀመንበር በራፉ ላይ ቆሞ የማይደነግጥ ማን አለ?

«ጋሼ ሀብተ ማርያም፣ እንግሊዝኛ ያነባሉ አይደል?»

«አነብ ነበር።»

«እንግዲያው ይህን ያንብቡልን።»

አራት የእጅ ሬዲዮ፣ ከነመመሪያ መጽሐፋቸው። ወንዙን ለመጠበቅ ከአንድ መሥሪያ ቤት በውሰት የተገኙ ናቸው። አንደኛው ከላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ድልድይ። ሁለተኛው ከታች፣ ከወንዙ ዳር። ሦስተኛው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት። አራተኛውስ? እኔ ዘንድ... ወፍጮ ቤቱ፣ የወንዙ ዳርና ጽሕፈት ቤቱ በመካከላቸው ጉብታ ስላለ በቀጥታ አይደማመጡም። የእኔ በረንዳ ከሁሉም በላይ ነው። ከላይ ሰምቶ ወደ ታች የሚያሳልፍ፣ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ የማይለይ ሰው ተፈልጓል። ጡረተኛ ማለቱ ነው።

ነሐሴ 20 ከመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ይመጣል። በአግባቡ የማንገለገልባቸው ከሆነ ተሰብስበው ለሌላ ቀበሌ ይሰጣሉ።

እሺ አልኩ። ስለ ሊቀመንበሩ አይደለም፣ ከወንዙ ዳር ትኖር ስለነበረችው ስለ ትርፌ ነው። አምና በነሐሴ ከዚሁ በረንዳ ቆሜ ደራሹ ውሃ ሲመጣ አየሁ። ትርፌ ዶሮዎቿን ልታስገባ ደጅ ወጥታ ነበር። ጮኽሁ... ዝናቡ ጩኸቴን ዋጠው። አስከሬኗ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። በሕይወቴ ብዙ ቃል ጽፌአለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዲቱም አልደረሰችላትም።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10

መመሪያውን ተርጉሜ ጨረስኩ። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ደብዳቤ ለተረጎመ ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሬዲዮው ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ ከአፍ አንድ ጋት ይርቃል። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ አንድ እስትንፋስ መታገሥ ያሻል፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጦ ይቀራል። አንቴናው እጀታ አይደለም፣ አይንጠለጠልበትም። ውሃ አይንካው። ባትሪው ሁልጊዜ ማታ ይሞላ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ቁልፉን የተጫነ ሰው ይናገራል እንጂ አይሰማም። እርሱ ጣቱን እስኪያነሣ ድረስ ሌላው ሁሉ ዝም ለማለት የተገደደ ነው።

ሳነበው ምንኛ ቀላል ነበር።


ሰኞ፣ ሐምሌ 12

የመጀመሪያው ሙከራ። ሬዲዮዎቹን ያዋሰው መሥሪያ ቤት ደጉ የሚባል ቴክኒሻን ላከልን። እርሱ ከእኔ ጋር በበረንዳዬ ተቀመጠ። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሚደቅሳ ከድልድዩ፣ ቅቤ ነጋዴዋ ቀመሪያ ከወንዙ ዳር ሆኑ። የቀመሪያ ቤት ከሁሉ የታችኛው ነው፤ አምና ውሃው ማድቤቷን ነቅሎባታል።

ጥሪው መጣ። «ዳገት፣ ዳገት፣ ከወፍጮ።» ዳገት የተባልኩት እኔ ነኝ።

«እንደምን አደርህ አቶ ሚደቅሳ? ቤተሰብ እንደምን ነው? ክረምቱ እንዴት ይዞሃል?»

«እግዜር ይመስገን ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት አደሩ? እትዬ ወለተሰንበት እንዴት ናቸው? ወገብዎን ተሻለዎ?»

ወገቤን ሳስረዳ ቀመሪያ ገባች። ረመዳን ነውና ድምፅዋ ደከም ብሏል፤ ሰላምታዋ ግን አልጾመም። የሚደቅሳን ሚስት፣ የእኔን ሚስት፣ የወፍጮውን ባለቤት ጠየቀች። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተጫኑ መሰለኝ፤ ፉጨት ብቻ ሆነ።

ደጉ ሰዓቱን አየ። «አሥራ አንድ ደቂቃ» አለ። «አባት፣ ውሃው ይሄኔ አቃቂ ደርሷል።»

ሰላምታ ያልቀደመው ጉዳይ ግን እንዴት ይነገራል? በእኛ ዘመን ሦስት መስመር ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ሳይነበብ ይቀደድ ነበር።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 14

ሬዲዮውን በወገቤ ታጥቄ ጌጃ ሰፈር ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ከዳቦ ቤቱ ደጅ የሞቀ ወሬ ነበር፤ ስደርስ በረደ። ሁሉም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ልብስ ሰፊው ገብረጊዮርጊስ የልጅነት ወዳጄ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ይሄ ነገር አሁን ይሰማል?»

«ቁልፉን ካልተጫንኩ ማንም የምንለውን አይሰማም።»

«እና አሁን ተጭነሃል?»

«አልተጫንኩም።»

«ጥሩ። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው።»

በስልሳ ስምንት ዓመቴ ጆሮ ጠቢ ሆኛለሁ ማለት ነው... ሰዎች የሚፈሩት ሰው «ውጡ» ቢል ያምኑታል? ወይስ በራቸውን ይዘጋሉ?


ዓርብ፣ ሐምሌ 16

ሁለተኛው ሙከራ ከፊተኛው ከፋ። ደጉ ለቀመሪያ በምስጢር አንድ የሙከራ መልእክት ሰጥቷት ነበር፤ «ሰው ተይዟል፣ ገመድ ላኩ» የሚል። እኔ በዚያው ጊዜ ለሚደቅሳ የትናንቱን ዝናብ በሥርዓት እየገለጽኩለት ነበር። ጣቴ ከቁልፉ አልተነሣም። አራት ጊዜ ተናገረች፤ አንዱም አልተሰማኝም።

ደጉ አልተቆጣም። «አባት፣ እርስዎ ሲናገሩ ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ዲዳ ነው» አለኝ። በትርፌ ጊዜ ድምፅ አጣሁ፤ ዛሬ ደግሞ በድምፄ ሰው አፈንኩ።

ከሙከራው በኋላ ሁላችንም በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ደጉ ሰላምታውን ተዉት ሲል ሚደቅሳ ራሱን ነቀነቀ። «ሽማግሌ ሰው ጠርቼ 'ውሃ መጣ' ብዬ ልዝጋበት? ማን አሳደገው አይሉኝም?»

«እኔም አልችልም» አለች ቀመሪያ። «ጋሼ ቅር ይላቸዋል።»

«አይለኝም» አልኩ። ዋሽቻለሁ፤ ይለኛል።

ቀመሪያ ሳቀች። «እንግዲያው አንድ ቀን እንሰብሰብና የክረምቱን ሁሉ አስቀድመን ሰላም እንባባላ። ከዚያ ማንም ለማንም የሰላምታ ዕዳ የለበትም።»

ቀልድ ነበር። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።


እሑድ፣ ሐምሌ 18

አደረግነው። ዒድም አልፏል፤ ቀመሪያ ሙሉ ጉልበቷ ተመልሶላታል። ሚደቅሳ ከቅዳሴ መልስ መጣ። ጓድ ሙለታን ሳይቀር ጠርቼ ነበር፤ ግራ እየተጋባ ተቀመጠ።

የጉዳዩን ደንብ አስረዳሁ። ዛሬ እስከ መስከረም ድረስ የሚበቃ ሰላምታ እንሰጣጣለን። ጤና፣ ልጆች፣ ከብት፣ ሥራ፣ ዘመድ... አንዱም አይቀርም። ከዚህ በኋላ በሬዲዮ የሚመጣ ሰላምታ የሌለው ቃል ሁሉ ሰላምታው አስቀድሞ የደረሰ ነው፤ ማንም እንደ ድፍረት አይቆጥረውም።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሚደቅሳ የቀመሪያን ሟች አማት ሳይቀር አነሣ። ጓድ ሙለታ መጀመሪያ ፈራ ተባ አለ፣ ኋላ ግን እርሱም ተጠየቀ፤ እናቱ አገር ቤት እንደታመሙ ያን ዕለት ሰማን። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ።

አንድ ነገር ከራሴ ጨመርኩ። በወጣትነቴ በችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ተሟጋቾቹ ተራ በተራ ይናገሩ ነበር፤ አንዱ ቃሉን አስረክቦ እስኪያበቃ ሌላው አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ተናጋሪ ሁሉ በመጨረሻ «ጨረስኩ» ይበል፣ ጣቱንም ያንሣ። መጀመሪያ የተጠሪው ስም፣ ቀጥሎ የጠሪው፣ ከዚያ ጉዳዩ፣ ከዚያ «ጨረስኩ»። ደጉ በደብተሩ ጻፈው።


ሰኞ፣ ሐምሌ 26

በየዕለቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት እንፈትሻለን። ሚደቅሳ ሬዲዮውን በአንቴናው አንጠልጥሎ ሲሄድ አገኘሁትና ቆጣ አልኩ። አሁን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረቱ ይይዘዋል።

ዛሬ ጓድ ሙለታ በሬዲዮ፣ «ዳገት፣ ከቀበሌ። የወንዝ ዳር ሰዎች ለስብሰባ ይምጡ ብለው ለቀመሪያ ያስተላልፉ። ያልመጣ ስሙ ይያዝ። ጨረስኩ» አለ።

ጣቴን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ወለተሰንበት ከመስኮቱ እያየችኝ ነው። የዳቦ ቤቱ ደጅ ትዝ አለኝ... ይህ ሬዲዮ ስም መያዣ ከሆነ፣ ውሃ ሲመጣ ማን ይሰማዋል?

«ቀበሌ፣ ከዳገት። ይህ መስመር የውሃ ነው። ሌላ አላስተላልፍም። ጨረስኩ።»

ወለተሰንበት፣ «ካፖርትህን ላዘጋጅ?» አለችኝ። እስር ቤት ይበርዳል ማለቷ ነው።

ከዚያ፣ «ዳገት፣ ከቀበሌ። ተቀብያለሁ። ጨረስኩ።»

ቀመሪያ ያልኩትን ሰምታ ኖሯል። እስከ ማታ በወንዙ ዳር ያልሰማ አልቀረም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ማታ ነው የምጽፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበድ ያለ ዝናብ ያዘ። ከበረንዳው ጣሪያ ሥር ገባሁ። የታችኛው ሰፈር ከዓይን ተሰወረ፤ የአምናው ቀን ራሱ መሰለኝ።

«ዳገት፣ ከወፍጮ። ውሃው የድልድዩን ወለል ነካ። ጨረስኩ።»

ሚደቅሳ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበር። ተጫንኩ፣ አንድ እስትንፋስ ታገሥኩ። «ወንዝ፣ ከዳገት። ውሃ መጣ። አሁኑኑ ውጡ። ጨረስኩ።»

ጣቴን አነሣሁ።

መልስ የለም።

ደግሜ ልጫን? አምና የጮኽኩት እየደጋገምኩ ነበር። ብጫን ግን እየመለሰችልኝም እንደሆነ አፍናታለሁ... ጣቴን ከቁልፉ አራቅሁ። በልቤ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ከዚያ አሥር የረዘመ ቁጥር አላውቅም።

«ዳገት፣ ከወንዝ። እየወጣን ነው። የሻረግ አልጋ ላይ ናት፣ ተሸካሚ እፈልጋለሁ። ጨረስኩ።»

የሻረግ ሽባ የሆነች ጎረቤቷ ናት። ለቀበሌ አሳለፍኩ። ጓድ ሙለታ መለሰ፤ ግን ተደናግጦ ኖሮ ያዝዝ ጀመር... ሁሉም ሰው እንዲረጋጋ፣ ኅብረተሰቡ በሙሉ እንዲተባበር፣ ይህ ታሪካዊ... አልጨረሰም። በመካከል ላፍታ ጣቱን ሲያነሣ ገባሁ።

«ቀበሌ፣ ከዳገት። ጣትዎን አንሥተው አራት ሰው ይላኩ። ጨረስኩ።»

ሊቀመንበር ጣትዎን ያንሡ ተባለ። አነሣም። አራት ሰው ልኮ አምስተኛው ራሱ ሆኖ ሄደ። የሻረግን ከነፍራሿ ተሸክመዋት ሲወጡ በዝናቡ መካከል አየኋቸው። ፊተኛውን ጎን የያዘው ሙለታ ነበር።

አሥራ አንድ ቤተሰብ ወጣ። ማንም በሩን አልዘጋም። ውሃው የመጣው ቀመሪያ የመጨረሻዋ ሆና ዳገቱን ስትጀምር ነው። ቤቷ ከነግድግዳው ሄደ። እርስዋ ከነልጆቿ እዚህ ሳሎናችን ውስጥ፣ በወለተሰንበት ቀሚስ ተቀምጣለች።

አንድም ሰው አልጠፋም። አንድም። ይህን ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ጽሑፌ አስበልጬ ደግሜ አነበብኩት።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

ገብረጊዮርጊስ ዳቦ ይዞ መጣ። ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አይቶ ድምፁን አልቀነሰም።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 20

መርማሪው መጣ። መመሪያውን ሊጠይቀን አስቦ ኖሮ ቀመሪያን አስቀደመ። «ቁልፉን ተጭነሽ ወዲያው ትናገሪያለሽ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ። ወዲያው ብናገር ስሙ ይበላል። ማን እንደተጠራ ሳይታወቅ ሁሉ ዝም ይላል።»

«መልስ ካላገኘሽስ?»

«እጠብቃለሁ። ጋሼ አሥር ቆጥረው ነው እኔን ያገኙኝ። እኔ ያን ጊዜ በእጄ ሕፃን ይዤ ነበር።»

መርማሪው ሌላ አልጠየቀም። ሬዲዮዎቹ በዚሁ ቀበሌ እንዲቆዩ ፈረመ። ለወንዙ ዳር ሰዎችም ከዳገቱ በኩል ቦታ ይሰጣቸው የሚል ማመልከቻ ጓድ ሙለታ እኔን አስጽፎ አያይዟል። ሰላምታ ሳላበዛ ጻፍኩት፤ ስምንት መስመር።


ረቡዕ፣ ጳጉሜ 3

ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌም ሬዲዮ ተሰጠው። አሠልጥኑን ብለው ጠሩን። እኔ መምህር፣ ቀመሪያ ረዳት ሆነን ሄድን። ወደ ሃያ ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ስለ ንግግር ሥርዓት ጥቂት ከተናገርኩ በኋላ የችሎቱ ዘመን ትዝ አለኝና የድሮ ዳኞችን ጨዋነት ማስረዳት ጀመርኩ... ሬዲዮው በእጄ እንዳለ ቁልፉን ተጭኜው ኖሯል። ከኋላ የተቀመጡት በሬዲዮአቸው የሚሰሙት የእኔኑ ድምፅ ብቻ ነበር።

ቀመሪያ ከተማሪዎቹ ፊት ተነሥታ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል፣ «ጋሼ፣ ጣትዎ» አለችኝ።

አነሣሁ። «ቀጥዪ» አልኳት፤ ከኋላ ካሉት መካከል ሄጄ ተቀመጥኩ። ሬዲዮውን ከአፏ አንድ ጋት አራቀች፣ አንድ እስትንፋስ ታገሠች፣ ማስተማር ጀመረች።