ገቨርነሩ ጋቢ የለበሰ ዕለት

እሑድ፣ ጥር 17

ንዴቴ አልበርድ አለኝ። አዲሱ የስቴታችን ገቨርነር ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥቶ ለኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ግማሽ ሰዓት ሰጠ። ወር ሙሉ ስንሰበሰብ የከረምነው ለአንድ ጥያቄ ነበር፤ ወደ ሰፈራችን አስፐን ሂል የምትሄደው የማታ ባስ እንዳትቋረጥ። እሷ ከቆመች ማታ ከሥራ የምንወጣው ሰዎች በምን ቤታችን እንገባለን?

ሰውየው ከከተማ ምክር ቤት ተነስቶ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ነገረን። ቅድሚያ የምሰጠው ለመንገድ ነው አለ። ስለ ባስ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ የእኛ ሰዎች ተራ ደረሰ፤ ምርቃት፣ ምስጋና፣ የክብር እንግዶች ትውውቅ፣ ጋቢ ማልበስ፣ ፎቶ። ሰዓቱ በዚሁ አለቀ።

ገቨርነሩ ግን ጋቢውን እንደለበሰ ሊወጣ ሲል ቆም አለና፣ "እንዳደርግላችሁ የምትፈልጉት ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ተፈራ እጅ ነሥተው፣ "እርስዎን ጤና ይስጥልን እንጂ እኛ ምንም አልጎደለብንም" አሉት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ምንም አልጎደለብንም። እሳቸው ምን አለባቸው፣ ልጃቸው በመኪና ያመላልሳቸዋል።

ስንመለስ እዚያችው ባስ ላይ ተቀምጬ ጋሽ ተፈራን ሳማ፣ አብራኝ የነበረችው ልጄ፣ "አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?" አለችኝ በእንግሊዝኛዋ።

ትልቅ ሰው እየተናገረ እንዴት አቋርጣለሁ አልኳት። እሷ ግን ማይኩን አፋቸው ሥር ይዤላቸው የቆምኩት እኔ እንደነበርኩ አይታለች።