ሽማግሌ ቢላክብኝም ማይኩን አልዘጋም

ሰይዴ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስልህ ግን አርፌ ተቀምጫለሁ ማለቴ አይደለም። ታውቀኛለህ።

ገበያ መሃል ድምፅ ማጉያ ይዘህ ስለ ደላሎቹ የተናገርክ ቀን፣ ፖሊሶች ፈቃድ የለህም ብለው እንደቀሙህ አልረሳሁም። ልጆቻችንን ወደ ዓረብ አገር ሲነዱ እነሱን ማን ፈቃድ ጠየቃቸው እያልክ ስትንገበገብ ሰነበትክ። ካንዱ ደላላ ጋር ደግሞ ሥጋ ነህ፤ የአጎትህ ልጅ ነው።

አሁን ሕጉ ተለወጠልህ። መንግሥት ነዋሪው ራሱ አነስተኛ ራዲዮ ጣቢያ እንዲያቋቁም ፈቀደ፤ ከተማችን መካነ ሰላምም የራሷን አገኘች። የማሰራጫው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ጎረቤት ከተማ አቀስታ እንኳ አይደርስም። ይበቃናል፤ ደላሎቹም ያሉት እዚሁ ነው። እኔም ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን አነጋግራለሁ። ማን እንዴት እንዳታለላቸው በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ተላከብኝ። ላኪው የአጎትህ ልጅ፣ መሪያቸው ደግሞ ኒካሃችንን ያሰሩልን ሼህ እንድሪስ። የሰው ስም አይጥፋ፣ ፕሮግራሙ ይቅር አሉኝ። እግራቸው ላይ ብወድቅ የማይቆጨኝ ሰው ናቸው፤ እሺ ግን አላልኩም። የእኔ ቢሆን ስላንቱ ብዬ እዘጋው ነበር፣ ሕጉ ግን ጣቢያው የነዋሪው ነው ይላል አልኳቸው። አንቱም ነዋሪ ነዎትና ጁምዓ መጥተው ይናገሩ፣ ማንም አይከለክልዎትም አልኩ።

ጁምዓ ከዘራቸውን ይዘው ከች አሉ። በአገር ፊት ሊረግሙኝ ነው ብዬ እየሰጋሁ ማይኩን ሰጠኋቸው። ሼሁ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩና የልጅ ልጃቸው ፋጡማ ጅዳ ከገባች ወዲህ ድምፅዋ መጥፋቱን ተናገሩ። የሰደዳትን ሰው በስሙ ጠሩት፤ የአጎትህን ልጅ። አፈላልጌ አገኛታለሁ እያለ እስከዛሬ አፋቸውን አዘግቷቸው ኖሯል። እሳቸው ሲያለቅሱ እኔም ማይኩ ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ከዚያ ወዲህ ያንተ ወገን ሰላምታ ነስቶኛል። ዘመድ አዋረደች ይሉኛል አሉ። ይበሉ! ያዋረደን እሱ ነው።

ፋጡማ ገና አልተገኘችም። እስክትገኝ ድረስ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ስሟን እጠራለሁ። አንተንም አልረሳህም ሰይዴ፤ ዝም ያልኩ ቀን፣ ያኔ ረሳችኝ በል።

ባለቤትህ ዘሃራ