በሳጥኑ ሥር ያሉት ጉሬዛዎች

የካቲት 1፣ 2011። ዓርብ።

የወር ቆጠራ ቀን። አንበሳ 1 (ያው ሽማግሌው)፣ ጅብ 3፣ ከርከሮ 5፣ ሚዳቋ 4፣ ጃርት 2፣ ዔሊ 11። ዔሊዎቹን ሁለቴ ቆጠርኩ፤ አንዷ ሁልጊዜ ቅጠል ሥር ትደበቃለች። ለከርከሮዎቹ ከጎጆ ከተማ የመጣው ድንች ግማሹ በስብሷል። መለስኩት።

ኦቦ ቱፋ እንደ ልማዳቸው ከኋላዬ ሆነው "የወንዝ ዳሮቹን ጉሬዛዎችስ አንጽፍም?" አሉ። በየወሩ ይቺኑ ነው። እኔም በየወሩ ያችኑ እመልሳለሁ። "ቀለብ አንሰጣቸው፣ አጥር የላቸው፣ በራሳቸው እግር የመጡ ናቸው። ምን ብዬ ልጻፍ?" ሳቁ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ እንስሳ ሲንከባከቡ ኖረው አሁንም መሳቅ አልታከታቸውም።

ሥራውን ያስረከቡኝ ሴትዮ ያሉኝን አልረሳም። "ልጄ፣ የተመዘገበ እንስሳ ሲሞት ሦስት ደብዳቤ መጻፍ ነው። ያልተመዘገበ አይሞትም፣ አይጠፋምም።" አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ኖሬያለሁ። ክፍል 7፣ ወንዝ ዳር፦ ባዶ። ፈረምኩ፣ ቤቴ ገባሁ።

ኧረ ረስቼው... ሥራ አስኪያጁ ኤልያቄም የፕላን ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል አለ። የፓርኩ የሃያ ዓመት ማስፋፊያ። ሃያ ዓመት! የጅቦቹ በር በሽቦ ከታሰረ ስምንት ወሩ ነው።

የካቲት 11። ሰኞ።

መጣ። ሰይፈዲን ይባላል። ጠረጴዛውን የሚያለብስ ካርታ ዘረጋ። ፓርኩ በዞን ይከፈላል፤ እንስሳቱ በየአገራቸው። የባሌ ደጋ፣ የቦረና ቆላ፣ የስምጥ ሸለቆ፣ የጋምቤላ ረግረግ። ጎብኚው በግማሽ ቀን አገሩን ዞሮ ሁሉካ ወንዝ ዳር ሻይ ጠጥቶ ይወጣል።

"ጅቦቹስ? የየት አገር ሰዎች ናቸው?" አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ምን ብሎ ነው የጻፈው?

"እርስዎ" ይለኛል። ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ከፈቀዱልኝ... ይህ ሁሉ ትሕትና ለምን አስፈለገ? ደግሞ የአምቦ ውሃ ሲቀርብለት አልጠጣም አለ። አምቦ መጥቶ! የቧንቧ ውሃ ካለ አለ። ይህ ሰውዬ ነገር አለው።

የአሥራ አንድ ዓመት ሪፖርቶቼን ኮፒ ወሰደ። ይውሰድ። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም።

የካቲት 14። ሐሙስ።

ካርታው ኤልያቄም ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዛሬ ደህና አድርጌ አየሁት። ከታች በግራ ጥግ ትልቅ ነጭ ሳጥን አለ፤ ቢጫው ቆላ ነው፣ አረንጓዴው ደጋ ነው የሚል መግለጫ የተጻፈበት። ሳጥኑ በትክክል የወንዙን ዳር ሸፍኖታል። ሾላዎቹን፣ ዝግባዎቹን... ጉሬዛዎቹ ያሉበትን።

"ከዚህ ሳጥን ሥር ምን አለ?" አልኩ።

"ምንም" አለ ሰይፈዲን። "ባዶ ቦታ ስለሆነ ነው መግለጫውን እዚያ ያደረግነው።"

ምንም? በዚያ ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ ሌላ ቦታ ጠፍቶ? የሚደበቅ ነገር ያለው ሰው ነው ሳጥን የሚያስቀምጥ። ሆድ ይፍጀው።

የካቲት 20። ረቡዕ።

ኦቦ ቱፋና ሰይፈዲን ወንዝ ዳር ቆመው በኦሮምኛ ያወራሉ። ለካ ይችላል! የጅማ ልጅ ነኝ አለ ኋላ ስጠይቀው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ውሎ አንድ ቀን "አካም" ብሎ እንኳ ሰላም ሳይል?

ስጠጋ ሁለቱም ጸጥ። የሰማሁት አንድ ቃል ነው፣ "ለኮፍሳ"። ቁጥር ማለት ነው። የምን ቁጥር? ኦቦ ቱፋ ዓይኔን ሸሹኝ። እኝህ ሰው ሸሽተውኝ አያውቁም።

የካቲት 22።

ሰይፈዲን ወንጪ ሐይቅ ድረስ ሄዶ የጉሬዛ ፎቶ አንስቶ መጣ። ለፕላኑ ሽፋን። እዚህ ራሱ ላይ ቅጠል እያራገፉበት! ወይ ጉድ።

የካቲት 27። ረቡዕ።

የመኖ መጋዘኑን በር ዘግቼ ከጀርባው ሳየው በከሰል የተጫረ መስመር ሞልቶታል። ከላይ እስከ ታች። ረጅም ረጅም ጭረት፣ አልፎ አልፎ ነጥብ። የኦቦ ቱፋ እጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው።

ዛፍ ነው የሚቆጥሩት? ዝግባ ሲሰነጠቅ ደህና ጣውላ ይወጣዋል። ከሰውዬው ጋር ተስማምተው ይሆን? ልጠይቃቸው አልኩና ተውኩት። አባት የሚያህሉ ሰው... ግን ያ "ለኮፍሳ"? እሳት በሌለበት ጭስ የለም።

መጋቢት 2። ሰኞ።

አላልኩም?! ዘጠኝ ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አራት ሾላ፣ ሦስት ዝግባ፣ ሁለት ዋንዛ። ሁሉም ወንዝ ዳር፣ ሁሉም ከሳጥኑ ሥር።

ሳልተነፍስ ኤልያቄም ቢሮ ገባሁ። "አዲሱ ዋና በር ነው፤ ጎብኚ በቆላው በኩል ይገባል። መኪና ማቆሚያም ያስፈልጋል" አለኝ።

"ጉሬዛዎቹስ?"

"ሰነድ ላይ የሉም" አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከሥራቸው በየቀኑ ሻይ የሚጠጣ ሰው!

"ማን ነው ከሰነድ ያወጣቸው?" ብዬ ጮህኩ። እውነትም ጮህኩ፤ ጸሐፊያችን ቢሊሴ በር ከፍታ አየችን። ኤልያቄም ግን ረጋ ብሎ "የፕላኑን አባሪ ነገ ውሰጂና እይ" አለኝ። ምን አስቆመው እስከ ነገ? ዛሬ ማታ ሊለውጠው ይሆን?

መጋቢት 3። ማክሰኞ።

አባሪ 4። ነባር እንስሳት በየክፍላቸው። ተጭበርብሯል ብዬ ነበር የገለጥኩት።

ክፍል 7፣ ወንዝ ዳር፦ ባዶ። ክፍል 7፣ ወንዝ ዳር፦ ባዶ። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥቁር እስክሪብቶ፣ አንድ ወር ደግሞ አረንጓዴ፤ ሌላው ያለቀብን ጊዜ። የአሥራ አንድ ዓመት። መቶ ሠላሳ ሁለት ጊዜ። ከሥሩ ስሜና ፊርማዬ።

ማንም አላወጣቸውም። አልገቡም ነበር።

ሰይፈዲን ባዶ ቦታ ፈለገ፣ ባዶ ቦታው የት እንደሆነ እኔ ነገርኩት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉሻል ይሄ ነው፣ ብርቅነሽ።

መጋቢት 4።

አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ደወልኩ። ውሸት አይደለም።

መጋቢት 5። ሐሙስ።

ኦቦ ቱፋን መጋዘኑ በር ላይ አገኘኋቸው። ጭረቱን አሳየኋቸው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ጉሬዛ ነው። ረጅሙ ትልቅ፣ ነጥቡ ግልገል። የየወሩን።" ቁልፉን ኪሳቸው አስገቡ። "ሰይፈዲን ስንት ናቸው አለኝ፣ አሥራ ሰባት አልኩት። አምንዎታለሁ፣ ግን የእርስዎ ቃል የብርቅነሽን ፊርማ አይሽርልኝም አለኝ።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"ኢንታላ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። "በየወሩ እነግርሽ ነበር እኮ።"

መግቢያ አጣሁ። ሌባ አድርጌያቸው ነበር በልቤ። ነገርኳቸው፤ ጣውላውንም፣ ሁሉንም። ሳይቆጡ "እኔም ሳጥኑን አንቺ ያስደረግሽው መስሎኝ ነበር" አሉ። ለካ እርስ በርስ ስንሸሽ የከረምነው ሁለታችንም ነን።

መጋቢት 6። ዓርብ።

በጠዋት አብረን ቆጠርን። ሦስት ጊዜ። እኔ አሥራ አራት፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ፣ ከዚያ አሥራ ስድስት። ኦቦ ቱፋ እያንዳንዳቸውን ያውቃሉ፤ ይቺ ጆሮዋ የተቆረጠው፣ ያ ቁጡው፣ እነዚያ ሁለቱ እህትማማቾች። ትልልቆቹ አሥራ ሰባት።

ከዚያ ጆሮዋ የተቆረጠው ዞር አለች፤ ሆዷ ላይ አንድ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ጥጥ የመሰለ። "ሲወለዱ እንዲህ ነጭ ናቸው፤ ኋላ ነው የሚጠቁሩት" አሉኝ። እዚህ ተወልጄ አድጌ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከሥራቸው ስመላለስ፣ አላውቅም ነበር። አሥራ ስምንት።

መጋቢት 9። ሰኞ።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። "ከዚህ በፊት ያቀረብኳቸው ሪፖርቶች ክፍል 7ን በሚመለከት ትክክል አይደሉም።" አንዷን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግማሽ ቀን።

ኤልያቄም አንብቦ በሩን ዘጋ። "ሐሰተኛ ሪፖርት ሳቀርብ ኖሬያለሁ ብለሽ ልትፈርሚ ነው? ሥራሽን ጠልተሻል?" ለእኔ አዝኖ ነው ወይስ አዲሱ ዋና በር እንዳይዘገይበት? ዛሬም እጠረጥራለሁ፤ አመል ነው። ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ለሰይፈዲን ላክሁ።

መጋቢት 16። ሰኞ።

መልስ ሳይመጣ የመቁረጫ ሞተር መጣ። ድምፁን ከጅቦቹ በረት ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ ሁለት ሾላና አንድ ዝግባ መሬት ላይ ናቸው። ኦቦ ቱፋ አራተኛውን ዛፍ አቅፈው ቆመዋል። አጠገባቸው ሰይፈዲን፣ ደብዳቤዬን ከፍ አድርጎ "ፕላኑ እየተከለሰ ነው! ፊርማ አለው!" ይላል። ድምፁ ሰልሏል፤ ያ ትሑት ሰውዬ።

ሞተሩ ቆመ። ስድስት ዛፍ ተረፈ። ጉሬዛዎቹ ወንዙን ተሻግረው ጸጥ ብለዋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደብዳቤውን ከወር በፊት ብጽፈው ኖሮ...

መጋቢት 24። ማክሰኞ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከክፍል ኃላፊነትም ተነሣሁ። ኃላፊዋ ቢሊሴ ሆነች፤ የተማረችውስ እንስሳት ሳይንስ ነው፣ ጸሐፊነት ያለ ቦታዋ ነበር። እኔ አሁን ተራ ቆጣሪ ነኝ። የቢሮውን ቁልፍ ሳስረክባት አፈረች፣ እኔም አፈርኩ። ተናደድኩም። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው!

ሚያዝያ 10። ሐሙስ።

አዲሱ ካርታ መጣ። ሳጥኑ ወደ ላይ ወጥቷል። ወንዝ ዳር ላይ ትንሽ አምስተኛ ዞን አለች፤ አጥር የላት፣ ቀለብ የላት። ስሟ "አምቦ"። በሩ በላይኛው መንገድ፣ በጊንጪ በኩል ሆነ።

ሰይፈዲን ሊሰናበት ሲመጣ ጠየቅኩት፤ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። "የአምቦ ውሃ ለምን አትጠጣም?"

"ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ።"

ኤዲያ! እኔ ስንቱን አስቤ።

ሰኔ 3። ሰኞ።

የወር ቆጠራ። አንበሳ 1፣ ጅብ 3፣ ከርከሮ 7 (ወልዳለች)፣ ሚዳቋ 4፣ ጃርት 2፣ ዔሊ 11።

ጉሬዛ አሥራ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። ግልገሏ የለችም፤ ነጭነቷ ለቆ ግራጫ መሆን የጀመረችው። ጆሮዋ የተቆረጠው ብቻዋን ተቀምጣለች። ኦቦ ቱፋ ከተቆረጡት ጉቶዎች መካከል አገኟት። ውሻ ነው። ሦስቱ ዛፎች ከወደቁ ወዲህ መካከሉ ክፍት ስለሆነ መሬት ወርደው ነው የሚሻገሩት።

ቢሊሴ ለእኔ ብላ "በተፈጥሮ ሞት ብለን እንለፈው፣ እትዬ ብርቄ። ማስጠንቀቂያ አለብሽ እኮ" አለች። ደግ ልጅ ናት። የእኔም አስረካቢ ደግ ሴት ነበሩ።

ኦቦ ቱፋ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ዛሬ አልጠየቁኝም። እኔ ዞሬ "እንጽፋት?" አልኩ። በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጉሬዛ 17። የጎደለ 1። ምክንያት፦ ክፍል 7 ባዶ ነው ተብሎ ዛፍ ስለተቆረጠ፣ መሬት ለመሬት ስትሻገር በውሻ ተገደለች። ባዶ ነው ያለው ማን ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ስሙ ከሥሩ አለ።

ሦስቱንም ደብዳቤ ዛሬውኑ ጻፍኩ።