አነሳሻችንን ስለ ማቅረብ

ለተከበሩ የችግኝ ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ጋምቤላ፣ የካቲት ፲፱፻፹፭ ዓ.ም.

የተከበሩ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በዚህ የየካቲት ሙቀት ያለ ዕረፍት ለሚደክመው የቢሮዎ ቬንቲሌተር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ገበያ ውስጥ ልብስ የምሰፋ፣ የአንዲት ተማሪ እናትና የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ።

በትምህርት ቤቱ ግቢ አርባ የኒምና የማንጎ ችግኞች በፈቃዳችን መትከላችንን ሰምተው ስለ ላኩልን ደብዳቤ ምስጋናችን ወሰን የለውም። አዲሱ ክልላችን ወንበር ሳይሟላለት ማኅተም እንደተሟላለት ያወቅነው በዚሁ ነው። ደብዳቤው አነሳሹ ማን እንደሆነ ተጣርቶ ስሙ እስኪቀርብ ድረስ ውኃ ማጠጣት እንዲቆም ያዛል። አማርኛ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ነውና «አነሳሽ» ሲባል ልንሸለም መስሎን አጨብጭበን ነበር፤ አንድ ደገኛ መምህር ቃሉ ለአድማ ቀስቃሽም እንደሚውል ሲያስረዱን እጃችን አየር ላይ ቀረ።

ትእዛዝዎን አክብረን የሚከተለውን አጣርተናል።

፩ኛ/ ከጀርባችን ማን እንዳለ ለጠየቁት፣ ዞር ብለን ብናይ ባሮ ወንዝን አገኘን። የዳር ዳሩ ዛፍ ለማገዶ ካለቀ ወዲህ እርሱም እንደኛው ፀሐይ ላይ ነው።

፪ኛ/ ሽማግሌዎቻችን ዝናቡ ቀኑን መሳት ጀመረ ቢሉንም ይህ አላነሳሳንም። እውነቱን ለመናገር፣ አሥር ዓመት ሙሉ «ወይ ሙቀት!» እያልን ተቀምጠን ነበር።

፫ኛ/ አነሳሿ ኛዊዩዋል ትባላለች፤ የሰባት ዓመት ልጄ ናት። በጥር ወር፣ ቀትር ላይ፣ በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ፊደል እየቆጠረች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ታቅፌያት ጥላ ፍለጋ ግቢውን ብዞር ያለችው አንዲት ዛፍ ብቻ ናት፤ ከሥሯም አንድ ነጭ መኪና ቆሞባታል። ጌታዬ፣ ያን ቀን ፈራሁ፤ የምትሞትብኝ መሰለኝ። በማግስቱ አካፋ ይዤ ሄድኩ፤ ጎረቤቴ አኬሎ ስለ ሁለት ልጆቿ ብላ ተከተለችኝ፤ በሳምንቱ ሠላሳ ወላጆች ሆንን። አድማው ይኸው ነው።

ስለ እገዳው ሐሳብ አይግባዎ፤ ማጠጣት አቁመናል። ይሁንና እጅ መታጠብ በደብዳቤው ስላልተከለከለ፣ በየማለዳው ከባሮ በጀሪካን ውኃ እያመጣን ችግኞቹ ሥር እንታጠባለን። አርባውም እስካሁን አልደረቁም።

አነሳሿን በአካል ማየት ከፈለጉ፣ ከትምህርት መልስ፣ የቤት ሥራዋን እንደጨረሰች ለማቅረብ ዝግጁ መሆኔን እየገለጽኩ፣

ከታላቅ አክብሮትና እጅግ ከታጠበ እጅ ጋር፣
ኛኩዋት ሆት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነጩ መኪና የእርስዎ ነው። ሾፌርዎ ፀሐይ ላይ ካቆመው ወንበሩ እንደሚያቃጥልዎ በትሕትና አስረድቶናል። ልጅዎ ኩን ደግሞ ከኛዊዩዋል ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ መኪናዎ ዛፍ ሥር፣ ልጅዎ ቆርቆሮ ሥር ናቸው። እኛ አነሳሻችንን አቅርበናል፤ አሁን የቸገረን መኪናዎን የሚያስነሳ ሰው ነው።