ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ ስለዋጠው ፎቶግራፌ

ለተከበሩ የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎን ከነቤተሰብዎ እየተመኘሁ፣ አሳስባዎት ከሆነ ብዬ በቅድሚያ ከሜዳው ማዶ ስላለችው ጎረቤቴ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ልንገርዎት፦ የጉልበቷ ሕመም እንደ ወትሮው ነው፣ ልጇ በሰላም ተገላግላለች፣ ደም ግፊቷ ግን ደብዳቤዎ ከደረሳት ወዲህ አልወርድ ብሏል። የስፌት ክፍልሽ ዋናውን የውሃ ቧንቧ ተጠግቷልና በዐሥር ቀን ይፍረስ ብለው ጽፈውላታል። ማስረጃዎ የእኔ ፎቶግራፍ ነው፤ ምነው እጄን በቆረጠው።

አንደኛ፣ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራልና ከእኔ ልጀምር። ቧንቧው ላይ ያረፈችውን ጭልፊት ከሰገነቴ ሆኜ ላነሣ ሌንሴ አልደርስ ቢለኝ፣ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባውን፣ ቴሌኮንቨርተር የሚሉትን ማጉያ ተውሼ ገጠምሁ። ሩቁን እጥፍ አድርጎ ያቀርባል፤ ታዲያ እንዲህ ከሩቅ ተስቦ የመጣ ነገር የፊቱና የኋላው የተጣበቀ ይመስላል፤ ቧንቧውና ከኋላው ያለው የስፌት ክፍሏም እንዲሁ። ይህን እያወቅሁ ፎቶውን ለቢሮዎ የቀን መቁጠሪያ ውድድር ላክሁት፤ አንደኛ ወጣሁ ብዬም ሰፈሩን ሳዳርስ ከረምሁ።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዎችዎ የቀን መቁጠሪያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በማስመሪያ መለካታቸውን ስሰማ አድናቆቴ ወሰን አጣ። ከቢሮዎ እስከ ቤቷ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነውና፣ ጫማ ከአቧራ ላዳነው ጥበብዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኔ ሞኟ በእግሬ ሄጄ ቆጠርሁት፤ ከቧንቧው እስከ ግድግዳዋ ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ደንብዎ የሚጠይቀው አምስት ሜትር ነው፤ ብዙ ባልማርም የትኛው እንደሚበልጥ አላጣውም።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ላስረዳ ሦስት ጊዜ ብመጣ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ግን የፎቶው ባለቤት መሆኔን ስትሰማ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ሸኝታኛለች፤ እሷም ትመስገን።

ስለዚህ ሽልማቱን ከነክፈፉ መልሻለሁ፤ በምትኩ አንድ ሰው ከነሜትሩ ይላኩልን።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ሩቅ ለማየት ለታደለው ዓይንዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ጥፋተኛዋ ፎቶ አንሺ

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ጨምሬ፦ ይህን ሳላሽግ ሠራተኛዎ መጣ። እሰይ፣ ሜትር ይዞ ነው ብል፣ የመጪውን ዓመት ፎቶ መቼ እንደማስገባ ኃላፊው ጠይቀዋል አለኝ። እሱ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ እያነከሰች ገባች። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ክፍሏ ሳይፈርስ ደጃፉ ላይ አንድ ፎቶ እንዳነሣት ነበር የመጣችው፤ አደራ እህቴ፣ አሁንስ ቀረብ ብለሽ አንሺኝ አለችኝ።